ያልተጻፈው ሰሊጥ፦ የምግብ ገላጭ ጽሑፍና ምግብን ከገበያ የመሰብሰብ አጭር ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የተስተካከለ)

 ወደ ርእሰ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፦ የሕግ ቁጥር ስጠቅስ በግልጽ ካላመለከትሁ በስተቀር፣ በዚህ ንግግር ውስጥ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖር እኅቴ የሰባት ዓመት ልጅዋን ይዛ በዐቢይ ጾም ወቅት ወደ አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ልጅቱ ሰሊጥ አይስማማትም። «አይስማማትም» ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም፤ ጥቂት ፍሬ ቢገባባት በደቂቃዎች ውስጥ ጉሮሮዋ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ቀን ከቤታችን አጠገብ ካለ ዳቦ ቤት ገብተን እኅቴ ሻጩን «ወንድሜ፣ ይህ ዳቦ ሰሊጥ አለበት?» ስትል ጠየቀችው። እርሱም በቅን ልቡና «እኅቴ፣ ምንም የለበትም፤ የጾም ነው» ሲል መለሰላት። ቤት ደርሰን የዳቦውን ላስቲክ ስትፈትሽ ግን ከሥሩ ሁለት የሰሊጥ ፍሬዎች አገኘች። ልጅቱ ዳቦውን አልቀመሰችም፤ የደረሰም ጉዳት የለም። እኔ ግን የሻጩን መልስ ልረሳው አልቻልሁም። ሰውየው አልዋሸም፤ የመለሰው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው ይህንኑ ነው፦ የምግብ ገላጭ ጽሑፍ ታሪክ በብዙ አገር ያልተጠየቀውን ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ጽሑፍ ታሪክ ነው። የተጠየቀውን መመለስ የጀመረው ዘግይቶ ሲሆን፣ ዋጋውንም የከፈሉት በአብዛኛው ልጆች ናቸው።

የገላጭ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዓላማ

ብዙ ሰነድ ያላት በመሆኗ የዩናይትድ ስቴትስን ታሪክ እንደ ዋና ምሳሌ እወስዳለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ምግብ ከገበሬው ጓሮ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካም በባቡር ወደ ሩቅ ከተማ ተሻግሮ ነበር። ገዢው የሚበላውን ማን እንዳዘጋጀው ማየት አልቻለም። ነጋዴውም ወተቱን በውኃ ያበዛል፤ ማሩን በስኳር ሽሮፕ ያቀጥናል፤ የተበላሸውን በኬሚካል ያድሳል። በግብርና ሚኒስቴር የኬሚስትሪ ቢሮ ኃላፊ የነበሩት ሐኪምና ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ፣ ከ1902 ጀምሮ በፈቃደኛ ወጣቶች ላይ የምግብ ማቆያ ኬሚካሎችን በመፈተን ሕዝቡን አነቃቁ። አፕተን ሲንክሌር ስለ ቺካጎ ቄራዎች የጻፉት ልብ ወለድም በ1906 ታትሞ ቁጣ ቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ቀን ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕግን ፈረሙ።

ይህ ሕግ በጊዜው ትልቅ ርምጃ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዓላማው ማጭበርበርን መከልከል ነበር። ነጋዴው በማሸጊያው ላይ ሐሰት እንዳይጽፍ ያዝዛል እንጂ፣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲጽፍ አያስገድድም። ሕጉ በዐይኑ ፊት ያደረገው የሚታለለውን ገዢ ነው። እውነተኛ ወተት፣ እውነተኛ እንቁላል፣ እውነተኛ ስንዴ በልቶ የሚሞት ሰው ስለ መኖሩ የሕግ አውጪዎቹ አሳብ አልደረሰም።

በዚሁ በ1906 ግን፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ «አለርጂ» የሚለውን ቃል ለሕክምናው ዓለም አበረከቱ። አስቀድሞ በ1902 የፈረንሳይ ሊቃውንት ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ፣ ከባሕር ፍጡር የተገኘን መርዝ በጥቂቱ የተወጋ ውሻ ከሳምንታት በኋላ እጅግ ያነሰ መጠን ቢወጋ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚሞት ተመልክተው ክሥተቱን «አናፊላክሲስ» ብለውት ነበር። ሪሼ በዚህ ሥራቸው በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ1921 ደግሞ ካርል ፕራውስኒትስ፣ ዓሣ የማይስማማውን የባልደረባቸውን የሃይንትስ ኪውስትነርን የደም ውኃ በራሳቸው ቆዳ ሥር ወጉ፤ በማግስቱም በዚያው ቦታ የዓሣ ጭማቂ ቢያስገቡ ቆዳቸው አበጠ። ለዓሣ የሚቆጣው ነገር በደም ውስጥ እንደሚዞር በዚህ ታወቀ።

እንግዲህ ከ1906 ጀምሮ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ይፈስሳሉ፦ አንዱ የሕግ፣ ሁለተኛው የሕክምና። የተገናኙት ግን ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይተው ነው። የታሪክ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ምን ይህን ያህል ዘገዩ ብሎ ነው።

የ1937 ትምህርት

የሕጉን ድካም ገልጦ ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። በ1937 በቴነሲ ግዛት የሚገኝ የመድኃኒት ፋብሪካ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት ለልጆች በሚጥም ፈሳሽ አዘጋጅቶ «ኤሊክሲር» ብሎ ሸጠ። መድኃኒቱን ለማሟሟት የተጠቀመበት ግን ዳይኢቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ ነበር። ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተቆጣጣሪዎች በየመድኃኒት ቤቱና በየሐኪሙ በር እየዞሩ፣ ከተመረተው 240 ጋሎን ውስጥ 234 ጋሎን ያህሉን ሰበሰቡ። ምርትን ከገበያ የመሰብሰብ ሥራ በሕዝብ ዘንድ ግዙፍ ሆኖ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

አስተዳደሩ ይህን ያደረገበትን ሕጋዊ ምክንያት ልብ በሉ። በጊዜው የነበረው ሕግ መርዛማነቱ ያልተፈተሸ መድኃኒት መሸጥን አይከለክልም ነበር። ፋብሪካው የተጠየቀበት ጥፋት «ኤሊክሲር» የሚለው ስም ነው፤ ቃሉ በመድኃኒት ቋንቋ አልኮል ያለበትን ፈሳሽ ያመለክታልና፣ በዚህ ውስጥ ግን አልኮል አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ አልቆ የሕጉ ክስ የስም ስሕተት ሆነ። ዛሬ ብዙ ሰው «ምግቡ ሳይበላሽ፣ ጽሑፉ ስለ ተሳሳተ ብቻ ስለ ምን ከገበያ ይሰበሰባል?» ሲል እሰማለሁ። የ1937 ታሪክ እንደሚያሳየው የጽሑፍ ስሕተት ገና ከጥንቱ ምርትን ለመሰብሰብ የሚበቃ ሕጋዊ ምክንያት ነበር። የጎደለው ነገር፣ ጽሑፉ ስለ ምን እንዲናገር እንደምንጠይቀው መወሰን ነው።

ከዚያ እልቂት በኋላ በ1938 አዲስ ሕግ ወጣ፤ የምግብ ይዘት ተዘርዝሮ እንዲጻፍም አዘዘ። ሆኖም ሁለት ቀዳዳ ትቶ ነበር። አንደኛው፣ መንግሥት አሠራራቸውን በደንብ የወሰነላቸው የተለመዱ ምግቦች መሠረታዊ ይዘታቸውን መዘርዘር አይገደዱም። ለምሳሌ ማዮኔዝ ከእንቁላል እንደሚሠራ ገዢው ያውቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1990 በወጣው ሕግ ነው። ሁለተኛው፣ ቅመምና ማጣፈጫ በየስማቸው ሳይጠሩ በጅምላ «ቅመም»፣ «ማጣፈጫ» ተብለው መጻፍ ይችሉ ነበር።

የልጆቹ ሞት

በ1992 ሂዩ ሳምፕሰን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አንድ አጭር ጥናት አወጡ። ጥናቱ የሚናገረው ስለ 13 ልጆችና ወጣቶች ነው። ስድስቱ ሞተዋል፤ ሰባቱ ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ሁሉም ምን እንደማይስማማቸው አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ሁሉም ግን ያንኑ ምግብ ሳያውቁ በሉት። ኦቾሎኒው፣ ሌላው ዓይነት ለውዝ፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ የተደበቀው በከረሜላ፣ በብስኩትና በኬክ ውስጥ ነበር። ከሞቱት ስድስት መካከል በመጀመሪያው ሰዓት የኤፒኔፍሪን መርፌ ያገኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከተረፉት ሰባት ግን ስድስቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ተወግተዋል።

ይህን ጥናት ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስነብባለሁ፤ በውስጡ ሁለት ታሪክ አለና። አንደኛው የሕክምና ነው፤ መርፌው ቶሎ ይሰጥ ይላል። ሁለተኛው የዕውቀት ነው። እነዚህ ልጆች የሞቱት ስለ ሕመማቸው ባለማወቅ አይደለም። ወላጆቻቸውም ቸልተኞች አልነበሩም። ማወቅ የሚገባቸውን አውቀው ነበር፤ ቀሪውን ሊነግራቸው የሚችለው ምግቡን የሠራው ሰው ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወንዞች መገናኘት ጀመሩ። የሕመምተኛ ልጆች ወላጆች ማኅበር መሥርተው ጮኹ። በ1996 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአምራቾች በጻፈው ማስታወቂያ፣ «መጠኑ ጥቂት ነው» የሚለው ምክንያት ለአለርጂ ቀስቃሽ ምግቦች እንደማይሠራ አሳሰበ። በ1999 የዓለም የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው የኮዴክስ ኮሚሽን፣ ምንጊዜም ተለይተው ሊጻፉ የሚገባቸውን የምግብ ዓይነቶች ዝርዝር አጸደቀ። በዚያው ዓመት በሚኒሶታና በዊስኮንሲን ግዛቶች ዳቦ ቤቶች፣ አይስክሬምና ከረሜላ አምራቾች ሲፈተሹ፣ ናሙና ከተወሰደባቸው ምግቦች 25 በመቶው ኦቾሎኒን ወይም እንቁላልን ሳይጽፉ ተገኙ። ባልተጻፈ አለርጂ ቀስቃሽ ምክንያት በአገሪቱ የተደረገው የመሰብሰብ ብዛትም፣ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው 35 ገደማ ተነሥቶ በ2000 ወደ 121 አደገ።

እዚህ ላይ የታሪክ ባለሙያ ሊጠነቀቅ ይገባል። ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ስላደገ ምግቡ ያን ያህል ከፋ ማለት አይደለም። ቀድሞ ማንም ያልፈለገው ስሕተት አሁን ፈላጊ አገኘ። የመሰብሰብ ማስታወቂያ ሲበዛ፣ ከፊሉ የአደጋው፣ ከፊሉ የንቃቱ መለኪያ ነው። ማስታወቂያ የሌለበት አገር አደጋ የሌለበት አገር አይደለም።

ስም የማውጣት ጉዳይ

ጽሑፉ ቢኖርም ንባቡ ሌላ ችግር ነበር። በ2002 በወጣ ጥናት፣ ልጆቻቸውን ከወተት የሚከለክሉ 60 ወላጆች ወተት ያለባቸውን 14 ማሸጊያዎች ሁሉ በትክክል የለዩት 4 ብቻ ሆኑ። ማሸጊያው «ኬዚን» ይላል፤ «ዌይ» ይላል፤ እናቲቱ ግን የምትፈልገው «ወተት» የሚለውን ቃል ነው። ዌይ ማለት እኛ አጓት የምንለው ነው፤ አጓት ብሎ ቢጻፍላት ኖሮ ማንኛዋም የገጠር እናት ከወተት እንደ መጣ ታውቅ ነበር።

በነሐሴ 2004 የተፈረመውና ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ ሕግ ይህን አስተካከለ። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሸርጣንና ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊት ለባሽ የባሕር እንስሳት፣ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴና አኩሪ አተር ሕዝብ በሚያውቀው ስማቸው እንዲጻፉ አዘዘ። የጅምላው «ቅመም» እና «ማጣፈጫ» መሸሸጊያም ለእነዚህ ስምንቱ ተዘጋ። በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ ደግሞ አስተዳደሩ አምራቹን አስገድዶ ምግብ እንዲያሰበስብ ሥልጣን ሰጠው፤ ፋብሪካዎችም አለርጂ ቀስቃሾችን የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደደ።

ታዲያ ሕጉ ከወጣ በኋላ ስለ ምን መሰብሰቡ አልቀረም? ምክንያቱ በአብዛኛው ተንኮል ሳይሆን የሥራ ግድፈት ነው። አንዱ ብስኩት በሌላው ብስኩት ካርቶን ይታሸጋል። አቅራቢው የቸኮላቱን አሠራር ይለውጣል፤ ፋብሪካው ግን የቀድሞውን ወረቀት መለጠፉን ይቀጥላል። ከትናንትናው ምርት የተረፈው ሊጥ ወይም አይስክሬም ከዛሬው ጋር ይቀላቀላል። ኦቾሎኒ ያለፈበት ማሽን በወጉ ሳይታጠብ ሌላው ይከተላል። በአሜሪካ በብዛት ሳይጻፍ የሚቀረው ወተት ነው፤ በብዛት የሚሰበሰቡትም የዳቦና የኬክ ውጤቶች ናቸው።

አንዳንዴም ስሕተቱ ከሩቅ ይመጣል። በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ በተፈጨ ከሙን ውስጥ ያልተጻፈ ኦቾሎኒ ተገኘ። ከሙን ራሱን ችሎ አይበላም፤ ወደ ቅመም ድብልቅ፣ ከድብልቁም ወደ ሾርባ፣ ወደ ሥጋ፣ ወደ ድልህ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ቅመም ሰበብ በቀጣዮቹ ወራት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ወረዱ። በመጨረሻ የሸጠው ነጋዴ ከረጢቱን ከፍቶ ኦቾሎኒ አልጨመረም፤ ግን በእርሱ ስም የወጣው ጽሑፍ ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

የሰሊጥ ታሪክ

አሁን ወደ ጀመርሁበት ሰሊጥ ልመለስ። ሰሊጥ በ2004ቱ የአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2003 ባወጣው መመሪያ አካትቶት ነበር። ሆኖም ዝርዝሩ ብቻውን አልበቃም። በሐምሌ 2016 አንዲት የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ ከለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የታሸገ ሳንድዊች ገዝታ ተሳፈረች። ሰሊጥ አይስማማትም፤ ማሸጊያውንም አንብባለች። ሰሊጡ ከሊጡ ጋር ተቦክቶ ስለ ነበር በዐይን አይታይም። በሱቁ ውስጥ ተዘጋጅቶ እዚያው የሚታሸግ ምግብ በየማሸጊያው ይዘቱ እንዲጻፍበት ሕጉ በዚያን ጊዜ አያስገድድም ነበር። ልጅቱ በዚያው ዕለት ሞተች። ወላጆችዋ ባደረጉት ትግል በተለምዶ «የናታሻ ሕግ» የሚባለው ደንብ ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ጸና።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አሜሪካም ሰሊጥን ዘጠነኛ አድርጋ በሕግ ጨመረች፤ ሕጉም ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሠራ። ነገር ግን ያልታሰበ ውጤት ተከተለ። አንዳንድ ዳቦ አምራቾች መስመራቸውን ከሰሊጥ ማጽዳት ቢከብዳቸው፣ ቀድሞ ሰሊጥ ያልነበረበትን ዳቦ ሆን ብለው ሰሊጥ ጨምረውበት «ሰሊጥ አለበት» ብለው ጻፉ። ጽሑፉ እውነት ሆነ፤ የልጆቹ ማዕድ ግን ጠበበ። አስተዳደሩ ድርጊቱ ሕግ የሚጥስ ባይሆንም ከሕጉ መንፈስ ጋር እንደማይስማማ ገለጸ። እውነተኛ ጽሑፍ መልካም ነገር ቢሆንም ብቻውን ሕመምተኛውን እንደማይጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እኛስ?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የሑመራንና የመተማን ሰሊጥ ያስታውስ። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከዋነኞቹ የውጭ ንግድ ምርቶቻችን አንዱ ነው። የሑመራ ሰሊጥ በእስራኤል ጣሂና ለመሥራት እጅግ ይፈለጋል፤ በዚያችው አገር በሕፃናት ላይ በብዛት አለርጂ ከሚቀሰቅሱ ምግቦች መካከልም ሰሊጥ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። በአውሮፓ ዝርዝር ውስጥ ሰናፍጭ አለ፤ በጎጃም ምድር የሚበቅለው ግብጦም አለ፤ ግብጦ ኦቾሎኒ የማይስማማቸውን አንዳንድ ሰዎች እንደሚያስቆጣ ታውቋልና። እነዚህ የእኛው የጓዳ ስሞች ናቸው።

ወደ ዳቦ ሻጩ መልስ እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ምግብ ይዘት መጠየቅን አናውቅም ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው። ጾመኛው ሕዝባችን «ቅቤ ገብቶበታል? ወተት አለበት?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው የፋብሪካ ማሸጊያ ሳይፈጠር ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በየገበያው የብስኩት ማሸጊያ ገልብጠው የሚያነቡት ስለዚሁ ነው። በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ወዲያው የጤፍ ዱቄቷን ማስፈጨት የማትወድ እናት፣ ፋብሪካዎች በብዙ ድካም የተማሩትን ነገር በምላስዋ ታውቀዋለች። ነገር ግን «የጾም» የሚለው ቃል የሚመልሰው የሕሊናን ጥያቄ ነው። የጾም ማዕድ ከወተትና ከእንቁላል ሲርቅ ወደ ሰሊጥ፣ ወደ ኦቾሎኒ፣ ወደ አኩሪ አተር ይቀርባል። ስለዚህ ለአንዱ መተማመኛ የሆነው ቃል ለሌላው ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

የስሙም ነገር ገና አልጠራም። «ለውዝ» ብለን ስንጽፍ ምን ማለታችን ነው? በመጽሐፍ ቅዱሳችን ለውዝ የዛፍ ፍሬ ነው፤ የአሮን በትር ያፈራችው። በመርካቶ ግን ብዙ ሰው ለውዝ የሚለው ከመሬት ሥር የሚወጣውን ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ በልቶ ምንም የማይሆን፣ የዛፉን ለውዝ በልቶ ግን የሚታመም ሰው አለ፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። በውጭ አገር «የጤፍ እንጀራ» ተብሎ የሚሸጠውም አንዳንዱ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም ብሎ አምኖ የሚገዛው ሕመምተኛ ይህ ካልተጻፈለት ይጎዳል። የአሜሪካው ዝርዝር ስንዴን እንጂ ገብስን ስለማይጠቅስ፣ ሕግ እስኪያስገድድ የሚጠብቅ ጋጋሪ ለዚህ ሰው አይደርስለትም።

አገራችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አላት፤ የኮዴክስ ኮሚሽንም አባል ናት። ይሁንና ከምንበላው ብዙው ማሸጊያ የለውም። እንጀራው ከጉልት፣ ሽሮው ከወፍጮ ቤት፣ ዳቦው ከሰፈር ይመጣል። ገላጭ ጽሑፍ በሌለበት ገላጩ ሰው ነው። ስለዚህ ከሕጉ ጎን ለጎን የሻጩን መልስ ማሠልጠን አለብን። የምግብ ቤት አስተናጋጅ፣ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች መመገቢያ ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤት ምግብ አዘጋጅ ሦስት ነገር ሊማር ይገባል፦ የተጠየቀውን ምግብ በስሙ ለይቶ መመለስ፣ በውስጡ ያለውን ብቻ ሳይሆን በአንድ ምጣድና በአንድ ቢላ የተነካካውን መናገር፣ ሳያውቅም «አላውቅም» ማለት። ሦስተኛው በእኛ ባህል ከሁሉ ይከብዳል፤ እንግዳን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ይመስለናልና። በዚህ ጉዳይ ግን «አላውቅም» የሚል ሰው የልጅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

የዛሬው ንግግሬ መደምደሚያ ይህ ነው። በ1906 ሕጉ «አትዋሽ» አለ። በ1938 «ዘርዝር» አለ። በ2004 «በሚታወቅ ስም ጥራ» አለ። በእያንዳንዱ ርምጃ መካከል ግን በየቤቱ ለቅሶ ነበር። እኛ ዘግይተን የምንጀምር እንደ መሆናችን አንድ ዕድል አለን፤ የሌሎችን ለቅሶ አንብበን፣ የራሳችንን ሳንጠብቅ መጀመር እንችላለን። የእኅቴ ልጅ ለፋሲካ እንደገና ልትመጣ ትፈልጋለች። ያ ዳቦ ቤት አሁንም በቦታው አለ፤ ሻጩም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነገሩን በዝርዝር አጫወትሁት። ከሰማኝ በኋላ ቆይቶ «መምህር፣ ለካ እርሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነበር» አለኝ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።